መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ? — ስለ ሳንቲም ደረጃና ስለ ዓይን ፍርድ

እንደሚታወቀው ሳንቲም ዕቃ መግዣ ነው። ነገር ግን ሳንቲሙ ራሱ ዕቃ ሆኖ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ሰፊ ገበያ በዓለም ላይ አለ። በተለይ በአሜሪካ አሮጌ ሳንቲም መሰብሰብ የብዙ ሰው ሥራና መዝናኛ ነው። አንድ ዶላር ተብሎ የተመታ ሳንቲም በመቶ፣ በሺህ፣ አልፎ አልፎም በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1794 የተመታ አንድ የብር ዶላር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 በጨረታ ቀርቦ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

በዚህ ገበያ ሳንቲም እንደ ተማሪ ፈተና ይታረማል፤ ታርሞም ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለት ሳንቲሞች ይቀርባሉ፤ የተመቱበት ዓመት አንድ፣ የተመቱበት ቤት አንድ፣ የተሰጣቸው ቁጥርም አንድ። ታዲያ አንደኛው ሌላውን በዋጋ እጥፍ፣ አንዳንዴም ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ለምን? ቁጥሩ እኩል ናችሁ ካላቸው ማን ነው ያበላለጣቸው?

መልሱ ባጭሩ ዓይን ነው። ሰብሳቢዎቹ ይህን ነገር ዓይን ማራኪነት ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዓይን ማራኪነት ከምን እንደሚመጣ፣ ቁጥሩ ያልያዘውን ነገር እንዴት እንደሚይዝና አንዳንዴም እንዴት እንደሚያታልል ማስረዳት ነው። «እኛ ሳንቲም አንሰበስብ፣ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሠልጣኝ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንጠይቃለን። ቁጥር መስጠት የኛም ሙያ ነውና።

1. ቁጥሩ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነው። ዊልያም ሼልደን ይባላል። የሥነ ልቡና ትምህርት የወሰዳችሁ ስሙን ታስታውሱት ይሆናል፤ የሰውን የሰውነት ቅርጽ በሦስት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ቁጥር እየሰጠ፣ ከቅርጹ ተነሥቼ ጠባዩን አውቃለሁ ይል የነበረው ሰው ነው። ያ አስተሳሰቡ ዛሬ በሳይንስ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ይኸው ሰው አሮጌ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞችን ይሰበስብ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ለእነርሱም ቁጥር አወጣላቸው፤ ከ1 እስከ 70። 1 ማለት በመታሸት ብዛት ተበልቶ፣ ምን ዓይነት ሳንቲም እንደሆነ ለመለየት ያህል ብቻ የቀረለት ነው። 70 ማለት ደግሞ እንከን የማይወጣለት ነው።

«ለምን 70 ሆነ? 100 አይሻልም ነበር ወይ?» የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ዋጋ ነው። በሼልደን ስሌት ቁጥሩ የዋጋ ማባዣ ነበር። አንድ በጣም የተበላ ሳንቲም 1 ዶላር ቢያወጣ፣ ያው ዓይነት ሆኖ 20 ቁጥር የተሰጠው 20 ዶላር፣ 70 የተሰጠው 70 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ሲያዩት እንዴት የተስተካከለ ነው! ዳሩ ግን ገበያው ለስሌቱ አልታዘዘም። የማይታሹትና ያማሩት ሳንቲሞች ዋጋ ከተበሉት ይልቅ በጣም እየፈጠነ ወጣ። ስለዚህ ማባዛቱ ተተወ፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ይህንኑ የ70 ነጥብ መለኪያ መሠረት አድርጎ ለአሜሪካ ሳንቲሞች ሁሉ የደረጃ ደንብ አወጣ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ በ1987 ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የሚባሉ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ሥራ ጀመሩ። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ሳንቲሙን ከነክፍያው ይልክላቸዋል። ከአንድ በላይ የሆኑ ባለሙያዎች የማን እንደሆነ ሳያውቁ በየተራ ያዩታል፤ ሐሰተኛ አለመሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያም ቁጥር ይሰጡታል። በመጨረሻ ሳንቲሙ በጠራ የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ታሽጎ፣ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎበት ለባለቤቱ ይመለሳል።

ከ60 በታች ያሉት ቁጥሮች በእጅ ሲዘዋወሩ ለተበሉ ሳንቲሞች ናቸው። ከ60 እስከ 70 ያሉት ግን ፈጽሞ ላልተገበያየባቸው፣ ከተመቱበት ቤት እንደወጡ ላሉ ሳንቲሞች ብቻ የተመደቡ ናቸው። ሼልደን ለእነዚህ ያወጣው ሦስት ቁጥሮችን ብቻ ነበር፤ 60፣ 65 እና 70። ዛሬ 11 ደረጃዎች አሉ። እንግዲህ የዓይን ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ለምን ቢባል በ60 እና በ70 መካከል መታሸት የለም፤ የሚያበላልጣቸው መልክ ነው።

2. ዓይንን የሚስበው ምንድን ነው?

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የሞርጋን ዶላር የተባለውን እንውሰድ። ይህ የብር ሳንቲም በቀራጩ በጆርጅ ሞርጋን ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ለመገበያያነት ተመታ። ከ2021 ወዲህ ለሰብሳቢዎች ተብሎ እንደገና መመታት ጀምሯል። የድሮው ክብደቱ 26.73 ግራም፣ የጎን ስፋቱ 38.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከመቶ 90 እጁ ብር፣ 10 እጁ መዳብ ነው። በአንድ በኩል የነጻነት ምሳሌ የሆነች ሴት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ትታያለች፤ በሌላው በኩል ንስር አለ። ሰብሳቢው ይህን ሳንቲም ሲያነሣ አራት ነገሮችን ይመለከታል።

ሀ/ ምቱ፦ ሳንቲም የሚሠራው ያልተቀረጸ ክብ ብረት በሁለት ማኅተሞች መካከል በከፍተኛ ኃይል ተመትቶ ነው። ምቱ በቂ ካልሆነ ብረቱ የማኅተሙን ጎድጓዳ ስፍራ ሞልቶ አይገባም። በዚህ ጊዜ ከሴትየዋ ጆሮ በላይ ያለው ፀጉርና የንስሩ የደረት ላባ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ይህ መበላት አይደለም፤ ሲወለድ ጀምሮ ያለ ጉድለት ነው። በኒው ኦርሊንስ ከተማ የተመቱት ብዙዎቹ በዚህ ይታማሉ። በሳንፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1880ና በ1881 የተመቱት ግን ላባው አንድ በአንድ የሚቆጠር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለ/ ነጸብራቁ፦ ማኅተሙ ሲመታው ብረቱ ከመሐል ወደ ዳር ይፈሳል። ሲፈስም በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን መስመሮችን በገጹ ላይ ይተዋል። ብርሃን የሚጫወተው በእነዚህ መስመሮች ላይ ነው። ሳንቲሙን ከመብራት በታች ይዘን ቀስ እያልን ስናዘነብለው ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ በገጹ ላይ ይዞራል። እኛም አገር መሞከር ይቻላል። ገና ያልተነካካ የአንድ ብር ሳንቲምና ብዙ እጅ ያየ የአንድ ብር ሳንቲም ጎን ለጎን ይዘን ከአምፑል በታች እናዘንብላቸው፤ አንደኛው ሲያበራ ሌላው ዝም ይላል። ነጸብራቅ ማለት ይኸው ነው። መስመሮቹ አንዴ ከጠፉ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም።

ሐ/ ጭረቱ፦ የሞርጋን ዶላሮች ከመቺው ቤት የሚወጡት ሺህ ሺህ እየሆኑ በሸራ ከረጢት ተሞልተው ነበር። አንዱ ከረጢት ከ26 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሲወረወርና ሲደራረብ ሳንቲሞቹ እርስ በርሳቸው ይፋጫሉ። ስለዚህ ሰው ሳይነካቸው ጠባሳ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ጭረቱ የት እንዳረፈ ነው። በፀጉሯ መሐል የተሸሸገ ጭረት በቀላሉ ይታለፋል። ያው ጭረት፣ በርዝመትም በጥልቀትም ሳይጨምር፣ በሰፊውና ለስላሳው ጉንጯ ላይ ሲሆን ግን ዓይን ሌላ አያይም። በሰውም ፊት ቢሆን እንዲሁ አይደል?

መ/ ቀለሙ፦ ከአራቱ ሁሉ ብዙ የሚያከራክረው ይህ ነው። ብር ሲቆይ በአየር፣ በወረቀትና በጨርቅ ውስጥ ካለው የድኝ ዓይነት ጋር ተዋሕዶ በላዩ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሽፋኑ ስስ በመሆኑ ከላይኛው ገጹና ከታችኛው ገጹ የሚመለሱት ብርሃኖች ይገናኛሉ፤ ሲገናኙም አንዳንዱ ቀለም ይጠነክራል፣ አንዳንዱ ይጠፋፋል። ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ የመኪና ዘይት ቀስተ ደመና የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ መጀመሪያ ወርቅማ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። እየበዛ ከሄደም መጨረሻው ጥቁረት ነው። የፊዚክስ ሠልጣኞች ይህን በሚገባ ሊያስረዱን ይችላሉ።

በከረጢቱ ዳር ሆነው ከሸራው ጋር ለብዙ ዓመታት ተጣብቀው የኖሩ ዶላሮች በዚህ መንገድ በግማሽ ገጻቸው ቀስተ ደመና ወጣባቸው። ዘመኑም ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣ ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮች ቀልጠዋል። ከቀሩት ብዙዎቹ በመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀምጠው ቆዩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ ከረጢት ከረጢቱን እያወጣ ወሰደ፤ በማርች 1964 መስጠቱ ቆመ። ቀስተ ደመናማዎቹ ዛሬ ከነጮቹ እኩዮቻቸው በብዙ እጥፍ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ ሽፋኑ ጭቃማ ቡናማ ወይም ዥጉርጉር ጥቁር ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ያለ ቢሆንም ገዢ ይሸሸዋል።

3. አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሳንቲም

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1881 በሳንፍራንሲስኮ ከተመቱት 12,760,000 ዶላሮች መካከል ሁለቱ በጠረጴዛችን ላይ አሉ እንበል። የሁለቱም ማኅደር 64 ይላል።

የመጀመሪያው ጉንጩ ንጹሕ ነው፤ ጭረት ፈልጎ ለማግኘት ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ነጸብራቁ የደከመ ነው፤ ብናዘነብለው ባናዘነብለው ያው ነው። ሁለተኛው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ዳር ዳሩን ወርቅማ ቀለም ከቦታል። ግን ከአንገቷ አጠገብ ሁለት ሦስት ጭረቶች አሉ። ደረጃ ሰጪዎቹ የመጀመሪያውን ለነጸብራቁ ቀንሰው ለንጽሕናው ጨመሩለት። የሁለተኛውን ለጭረቱ ቀንሰው ለብርሃኑ ጨመሩለት። ድምሩ 64 እና 64 ሆነ።

ተሳሳቱ ማለት ነው? አልተሳሳቱም። አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቁጥር ተናገሩ ተብለዋል፣ ተናገሩ። ቁጥር ሲደመር የመጣበትን መንገድ አይናገርም። ገዢው ግን ቁጥሩን አይደለም ቤቱ የሚወስደው፤ ሳንቲሙን ነው። ሳንቲሙን ሲያይ ዓይኑ ድምሩን መልሶ ይበትነዋል። ጭረቱን ችዬ ብርሃኑን እወዳለሁ የሚለው ገዢ ብዙ ስለሆነ ሁለተኛው 64 ከመጀመሪያው 64 ይበልጣል።

ይህን ሼልደን ራሱም ሳያውቀው አልቀረም። ከሞተ በኋላ እንደታወቀው፣ የአሜሪካ ኑሚስማቲክስ ማኅበር ስብስብ ውስጥ ከነበሩት የመዳብ ሳንቲሞች ጥሩ ጥሩዎቹን እየወሰደ፣ በምትካቸው ያው ዓይነት ሆነው መልካቸው ያነሰ የራሱን ሳንቲሞች አስቀምጦ ኖሯል። ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በመዝገብ ላይ ቢታይ የጎደለ ነገር የለም፤ ዓይነቱ ያው፣ ብዛቱም ያው። የጎደለው በዓይን ብቻ የሚታየው ነበር።

4. በደረጃ ላይ ደረጃ

አንድ ቁጥር ብዙ ልዩነት እንደሚሸሽግ ገበያው ሲያውቅ ሌላ ምልክት መፈለግ ጀመረ። ኤን.ጂ.ሲ. በመልካቸው ለየት ላሉት ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በየቁጥራቸው ከፍተኛ ወሰን ላይ ላሉት የመደመር ምልክት መስጠት ተጀመረ። ቀደም ሲል በ2007 ሲ.ኤ.ሲ. የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ሌሎች ቁጥር ሰጥተው ያሸጉትን ሳንቲም እንደገና እያየ ለተሰጠው ቁጥር በእርግጥ የሚበቃውን አረንጓዴ ምልክት ይለጥፍበት ጀመር። ምልክት ያለበትና የሌለበት፣ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በዋጋ ይለያያሉ። እንግዲህ አራሚ አለ፤ የአራሚ አራሚም አለ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደረጃ ሰጪ ሰው ነው። ዛሬ 64 ያለውን ነገ 65 ሊለው ይችላል። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች ማኅደሩን ሰብረው ሳንቲሙን አውጥተው እንደገና ይልኩታል፤ አንዳንዴም ደጋግመው ይልኩታል። ከ64 ወደ 65 መዝለል በአንዳንድ ሳንቲም ላይ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል። ሳንቲሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። ለዚህ ነው የቆዩ ሰብሳቢዎች አዲስ ገቢውን «ሳንቲሙን ግዛ፣ ማኅደሩን አትግዛ» እያሉ የሚመክሩት። በኛ አገር መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል። የማኅደሩ ቁጥር ለአንዳንድ ሳንቲም እንዲህ ያለ ስም ነው።

ሆኖም ዓይንም ቢሆን ያለ ወሰን አይታመንም። አንደኛ፣ ውበት እንደ ዘመኑ ነው። በአንድ ወቅት ብዙ ሰብሳቢ ነጭና የሚያብለጨልጭ ሳንቲም ብቻ ስለሚፈልግ ቀለም ያወጣው ሁሉ በኬሚካል እየተነከረ ይጸዳ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያልተነካው የተፈጥሮ መልክ ይወደዳል። ዛሬ ለቀስተ ደመናው ብዙ እጥፍ የከፈለ ሰው ነገ እንደሱ የሚወድለት ገዢ ላያገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው ሳንቲሙን የሚያየው በፎቶግራፍ ነው፤ በብርሃን አቀማመጥ ደብዛዛውን ደማቅ ማስመሰል ደግሞ ቀላል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ውበት በእጅ መሠራቱ ነው።

5. አሳምራለሁ ሲሉ ማጥፋት

ቀለም ገንዘብ እንደሚያወጣ ሲታወቅ ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ተነሡ። በሙቀትና በድኝ ነክ ኬሚካል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቀስተ ደመና ያወጣሉ። ልምድ ያለው ዓይን ይለየዋል፤ የተፈጥሮው ቀለም ቀስ በቀስ ደረጃውን ጠብቆ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ ከሥሩም ነጸብራቁ ይታያል። የተሠራው ግን ደረጃውን ይዘላል፣ ብረቱ ላይ የተቀባ ይመስላል። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ቁጥር አይሰጡትም።

ከሐሰተኛ ቀለም ይልቅ ብዙ ሳንቲም የሚያበላሸው ግን ደግ አሳቢ እጅ ነው። አሮጌ ሳንቲም አገኘሁ ብሎ የጠቆረውን መፈተግ! በአመድም ይሁን በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙናም ይሁን በብረት መወልወያ፣ ፍተጋው ከላይ የተናገርንላቸውን ጥቃቅን መስመሮች ይጠርጋል። ሳንቲሙ ይነጣል፤ ግን አያበራም። በማጉያ መነጽር ሲታይ በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ የፀጉር ያህል ጭረቶች ይታዩበታል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ወደ ደረጃ ሰጪ ቢላክ እውነተኛነቱ ተመስክሮለት «የተፈተገ» ተብሎ ያለ ቁጥር ይመለሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካናል። በየቤታችን፣ በተለይም በገጠር፣ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ጠገራ ብር አይጠፋም። ጠገራ ማለት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የኦስትሪያ ታለር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ከዚያ በኋላ በቪየናና በሌሎችም ከተሞች የተመቱት ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዙ ነው። ስለዚህ ዓመቱን አንብቦ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም፤ ዝርዝሩን በዓይን መመርመር ግድ ነው።

የድሮ ነጋዴዎቻችንም ዓይናቸው የዋዛ አልነበረም። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ባለው ማያያዣ ያሉትን እንቁዎች እያዩ፣ ተበልቶ የደበዘዘውን አንቀበልም ይሉ እንደነበር አገራችንን የጎበኙ ሰዎች ጽፈዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። እነርሱ የሚፈልጉት ውበት ሳይሆን እምነት ነበር፤ ምስሉ ጥርት ያለ ከሆነ ብሩም ሙሉ ነው በማለት ነው። የዛሬው ሰብሳቢ ግን እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላም ቢሆን ውበቱን ለብቻው ይገዛል።

ብዙ ጠገራ ደግሞ ለአንገት ጌጥ ተበስቷል፣ ቀለበት ተበይዶበታል፣ ወይም አንጥረኛ አቅልጦት መስቀልና አምባር ሆኗል። በሰብሳቢ ገበያ የተበሳ ሳንቲም ዋጋው ይወድቃል። ይህን ስንል እናቶቻችን አጠፉ ማለታችን አይደለም። ለእነርሱ ሳንቲሙ ጌጥም ሀብትም ነበርና በሚገባ ተጠቅመውበታል። ዛሬ በእጃችን ያለውን ሳይነካ የቆየ ግን፦

— አንፈትገው፤ ጠቁሮም ቢሆን እንዳለ ይቀመጥ።
— ስንይዘው ገጹን ሳንነካ ዳሩን ይዘን እናንሣ፤ የጣት ላብ ምልክት ይተዋል።
— ከሌላ ሳንቲም ጋር በአንድ ኮሮጆ አናጋጨው፤ ለየብቻው በንጹሕ ወረቀት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ይቀመጥ።
— ገዢ ሲመጣ በተነገረን ዋጋ ሳንጣደፍ ከአንድ በላይ የሚያውቅ ሰው እናሳይ።

6. ለመምህሩ ምን ይነግረዋል?

አሁን ከሳንቲሙ ወደ ደብተሩ እንምጣ። የሁለቱን 64 ነገር እናስታውስ። በክፍላችን ሁለት ተማሪዎች በድርሰት 64 ያገኛሉ። አንደኛው ፊደሉ የተስተካከለ፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተጠበቀ፣ ነገር ግን የራሱ ሐሳብ የሌለው ነው። ሁለተኛው ሐሳቡ የሚገርም ሆኖ አጻጻፉ የተበላሸ ነው። በመዝገቡ ላይ እኩያ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይተን ብንሄድ ሁለቱንም እንበድላለን።

መምህራን በቁጥር እንደሚለያዩም የቆየ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ስታርችና ኤልየት የተባሉ አሜሪካውያን አንድ የተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች መምህራን ልከው ነበር። ለዚያው ለአንዱ ወረቀት የተሰጡት ማርኮች ከ30 ነጥብ በላይ ተራርቀው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ሹማምንት ስለ ወታደሮቻቸው የሰጡትን ግምት መርምሮ፣ በአንድ ነገር የተወደደ ሰው በሌላውም ሳይመረመር ከፍ ያለ ግምት እንደሚያገኝ አሳየ። ቁመናው ያማረ ብልህም ነው ተብሎ ይገመታል ማለት ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ተማሪስ? ደብተሩን በቀለም ወረቀት የለበጠውስ?

ሳንቲምና ተማሪ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሳንቲም የሚሰበሰበው ለመልኩ ስለሆነ መልኩ ዋጋውን ቢጨምር ፍትሕ ነው። የሒሳብ ፈተና የሚሰጠው ግን ሒሳብ ለመለካት ነው። ስለዚህ መልክ ሳይጠራ ገብቶ ቁጥሩን ቢለውጥ መለኪያው ሌላ ነገር መለካት ጀመረ ማለት ነው። ዓይናችን እንዳይማረክ ማድረግ አንችልም፤ ሰው ነንና። የምንችለው መማረኩን ማወቅና ወሰን ማበጀት ነው። ይኸውም፦

1ኛ/ ስናርም የተማሪውን ስም ሸፍነን እንረም። ደረጃ ሰጪዎቹ የሳንቲሙን ባለቤት የማያውቁት በከንቱ አይደለም።

2ኛ/ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ከመጨረስ ይልቅ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ፣ ከዚያ የሁሉንም ሁለተኛ ጥያቄ እያልን እንሂድ። የመጀመሪያው መልስ ያማረለት በቀሪው እንዳይጠቀም፣ ያላማረለትም እንዳይጎዳ ይረዳል።

3ኛ/ የእጅ ጽሕፈትና ንጽሕና ዋጋ አላቸው ካልን የራሳቸውን ነጥብ እንመድብላቸው፤ ለተማሪዎቹም አስቀድመን እንንገራቸው። በስውር ከሐሳቡ ነጥብ ላይ አንጨምር፣ አንቀንስ።

4ኛ/ ከቁጥሩ ጎን ቢያንስ አንድ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ። «ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ዐረፍተ ነገርህን ቁረጠው» የሚለው ማስታወሻ 64 የማይናገረውን ይናገራል።

5ኛ/ ያጠራጠረንን ወረቀት ሌላ መምህር እንዲያየው እናድርግ። ይህን ማድረግ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባጭሩ፣ ቁጥር ብዙ ነገርን በትንሽ ቦታ ይዞ ስለሚሄድ ያስፈልጋል። ያለ ቁጥር የሳንቲሙ ገበያ አይቆምም፤ የኛም መዝገብ አይሞላም። ነገር ግን ቁጥሩ የፍርድ መጨረሻ ሳይሆን የአንድ ሰው ዓይን በአንድ ቀን ያየው ነገር ማጠቃለያ ነው። ብልህ ሰብሳቢ ቁጥሩን ያነባል፤ ከዚያ ማኅደሩን አንሥቶ ከመብራት በታች ያዘነብላል። መምህርም ማርኩን ካነበበ በኋላ ደብተሩን ቢገልጥ ተማሪውን ያገኘዋል። ሳንቲም አንዴ የተጫረውን አያሽርም። ተማሪ ግን ጉድለቱ ተለይቶ ከተነገረው ያሽራልና ድካሙ ዋጋ አለው።

ውድ ሠልጣኞችና አሠልጣኞች፣ በቤታችሁ ስላለ ጠገራም ሆነ ስለ ፈተና አስተራረም ያላችሁን አስተያየት ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትሰጡ በሚቀጥለው እትም በደስታ እንለጥፈዋለን።